እስከ ክርስትናው

በኛ ከተማ ቀትር ላይ የሚመጣ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ጭንቅ ይዞታል። ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ጅቡቲ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ጫት የሚቅመው ምንጣፉ ላይ ይደገፋል፣ ድመቱ እንኳ ከቆመ መኪና ሥር ገብቶ ይዘረጋል። በሙቀቱ ወራት ደግሞ ትኩሱ ነፋስ አቧራውን አንስቶ ሰማዩንና ባሕሩን አንድ ዓይነት ነጭ ስለሚያደርጋቸው፣ ያልተኛውም ሰው መንቃቱን እርግጠኛ አይደለም። እኔ ቀን መተኛት አይሆንልኝም። ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ባለችው የስፌት ቤቴ መጋረጃውን ጥዬ፣ ማራገቢያውን ወደ አንገቴ አዙሬ፣ በእጅ የሚሠራውን እሠራለሁ። እጄ ቁልፍ ይተክላል፣ ጭንቅላቴ የት የት ሄዶ ይመጣል።

ልጅቷ የመጣችው እንዲህ ባለ ቀትር ነው። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ቆመች። ከኋላዋ ያለው ብርሃን ከመንጣቱ የተነሳ ፊቷ አልታየኝም፤ ጥላ ብቻ ነበረች።

«እትዬ፣ የቀሚሴን ጎን ያሰፉልኛል?» አለችኝ፣ በወሎ ድምፅ። ባሕሩ ዳር ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ ተቀጥራ እዚያው እያደረች ትሠራለች።

አሰፋሁላት። በሦስተኛው ሳምንት ያንኑ ቀሚስ ይዛ ተመለሰች። «ታጥቦ ጠበበ» አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሠላሳ ዓመት የሴት ወገብ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ። ባል ሳያውቅ፣ እናት ሳታውቅ፣ አንዳንዴ ባለቤቲቱ ራሷ ሳታውቅ የኔ ሜትር ያውቃል። ዙሪያዋን ስለካ ትንፋሿን ውጣ ያዘች።

«ልቀቂው» አልኳት።

«ምኑን?»

«ሆድሽን ነዋ! ጨርቁ አልጠበበም የኔ ልጅ፤ የሰፋው ሌላ ነው።»

አላለቀሰችም። የጨርቅ ክምሬ ላይ ቁጭ አለችና ማራገቢያው ሲዞር ብዙ አየችው። በመጨረሻ «ሲወለድ ምን እንደማደርገው አላውቅም» አለች። ስለ አባትየው ጠይቄያት ነበር፤ ፊቷን ወደ መጋረጃው ስታዞርብኝ ተውኩት። እስከ ዛሬም አላውቅም።

«ምን እንደማደርገው አላውቅም» የሚለውን ነገር ግን አውቀዋለሁ። እዚህ ብዙ የኖረ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ስለ አንዲት ሠራተኛ ይወራል፤ ብቻዋን መታጠቢያ ቤት ወለደች፣ ሕፃኑን በፎጣ ጠቅልላ ያልሆነ ቦታ ተወችው፣ እሱ ሞተ፣ እሷ ታሰረች። ወሬው በየጥቂት ዓመቱ ሰው እየለወጠ ይመለሳል። የሰማው ሁሉ «አረመኔ!» ይላል። እኔም ብያለሁ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ያን ቀን ግን ያች «አረመኔ» የምላት ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ እጇ በሳሙና ተሰነጣጥቋል፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ጨርቄን እንዳላቆሽሽ ብላ ጫፉ ላይ ነው የተቀመጠችው። አንጀቴን በላችው።

አያቴ በባቡሩ ዘመን የመጣ ሰው ስለሆነ እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት። ፈረንሳይኛውን ከትምህርት ቤት፣ ሱማልኛውን ከመንገድ፣ አማርኛውን ከእናቴ ጓዳ ነው ያገኘሁት። በዚህ የተነሳ የማዋለጃ ሆስፒታሉ ሰዎች ቋንቋ ሲቸግራቸው እኔን ያስጠሩኛል፤ ነጭ ጋዋናቸውንም የምሰፋው እኔ ነኝ። ከነሱ አንዷ፣ ትልቋ አዋላጅ፣ ስታወራ ዓይኗን የምትጨፍን ሱማሌ ናት። ሄጄ ጉዳዩን ስነግራት እንደልማዷ ጨፈነች።

«እዚያው ተደብቄ እወልዳለሁ እንዳትል!» አለችኝ። «እኛ ጋ ትምጣ። ትውለድ። ማሳደግ ካልቻለች በእጇ ታስረክበናለች። ፖሊስ አንጠራም፣ አሠሪዋ ጋ አንደውልም። የሚታሰረው የጣለ ነው፣ የሰጠ አይደለም።»

አሠራሩንም ነገረችኝ። የተሰጠው ሕፃን ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ቤት ይገባል። እናቲቱ ሁለት ወር አላት፤ በሁለቱ ወር ውስጥ ሐሳቧን ከቀየረች መጥታ ልጇን ትወስዳለች። ካልመጣች ወረቀቱ ዳኛ ዘንድ ይሄዳል፣ ሕፃኑም ለሚያሳድገው ቤተሰብ ይሰጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሃምሳ አምስት ዓመት እዚህ ከተማ ኖሬ፣ ያን ሁሉ ጊዜ «አረመኔ» ስል፣ እንዲህ ያለ በር መኖሩን አላውቅም ነበር። በጣም አፈርኩ።

ልጅቷን ይዣት ሄድኩ። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ ሴት ናት። እሷ በፈረንሳይኛ ትናገራለች፣ እኔ በአማርኛ አስተረጉማለሁ፣ ልጅቷ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ትሰማለች። ሁሉም ደህና ሄደ። ሁለት ወር የሚለው ጋ ስንደርስ፣ ገና «በወር የሚቆጠር ጊዜ አለሽ» ከማለቴ ልጅቷ ወደኔ ዞር ብላ «በነሱ ወር ነው በኛ ወር?» አለችኝ።

ጥያቄው ልክ ነበር። ማንበብ አትችልም። ያለችበት ቤት የሚቆጠረው በፈረንጅ ነው፤ እሷ የምትቆጥረው በኛ ነው፤ መሃል ላይ ጳጉሜን አለች። እኔ ብልጧ አሰብኩ። ሆዷ ሾጠጥ ብሎ ወደ ፊት ስለወጣ ወንድ ነው ብለን ሁላችንም ጨርሰናል። ወንድ ክርስትና የሚነሳው በአርባ ቀኑ ነው። የኔ ልጆች ሦስቱም ወንዶች ናቸው፣ ሦስቱም በአርባ። አርባ ደግሞ ከሁለት ወር ሃያ ቀን ይቀድማል። ልብስ ስሰፋ ከስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ እንደምደብቀው ሃያ ቀን ልደብቅላት ብዬ «እስከ ክርስትናው ጊዜ አለሽ» አልኳት።

ፊቷ በራ። «ይኼስ ገባኝ» አለች። ሠራተኛዋ ሁለታችንን አይታ ፈገግ አለች፤ ሁለት ወር ያልኩ መስሏታል። በራሴ ከመርካቴ የተነሳ ስመለስ አይስክሬም ገዝቼ እየላስኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

አሠሪዎቿ ሙቀቱን ሸሽተው ሲሄዱ ቤቱን እንድትጠብቅ እሷን ትተዋት ነበር። በነዚያ ሳምንታት አንድ ጠዋት ምጧ መጣና ታክሲ ይዛ እኔው ጋ መጣች። ረፋድ ላይ ተገላገለች። «ሴት ናት!» አለች አዋላጇ። «ሆዱ ዋሸን!» ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ስቄ ዝም። ሰማንያ የሚባል ቁጥር በጭንቅላቴ ሽው አላለም። ሴት በሰማንያ ቀኗ እንደሆነ የማያውቅ ክርስቲያን አለ? የለም። ግን ከወር በፊት «እስከ ክርስትናው» ያልኳትን ያችን አንዲት ቃል ረስቻታለሁ።

ያንን ረፋድ ሳስታውስ ሁሉም ነገር ውኃ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። መብራት ጠፍቶ ነበር። መስኮቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ሰቅለዋል፤ ብርሃኑ በዚያ በኩል አረንጓዴ ሆኖ ይገባል። ሕፃኗ ዓይኗን ገልጣ ጨርቁን ታያለች፤ እናቷ እሷን ታያለች። ጡት ሰጠቻት። ሰዓቱ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ከዚያ ሠራተኛዋ ወረቀቱን ይዛ መጣች።

ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ቶሎ ይለቅላት ብዬ «ያው ባለፈው ያልኩሽ ነው» አልኳት። ያው ባለፈው ያልኩሽ! አፌን በቆረጠው! አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። ከሥሯ እኔ በአስተርጓሚነት ፈረምኩ።

ሕፃኗን ራሷ አስረከበች። ማንም አልነጠቃትም። ግንባሯን ሳመቻት፣ እግሯን ሳመቻት፣ ከዚያ በሁለት እጇ ለአዋላጇ ሰጠቻትና «አደራ» አለች። አዋላጇ አማርኛ አታውቅም፤ ያችን ቃል ግን እኔ መተርጎም አላስፈለገኝም።

ከዚያ በኋላ በየዓርቡ፣ በእረፍት ቀኗ፣ በቀትር ትመጣለች። ከክምሩ ጫፍ ትቀመጣለች። ውኃ እሰጣታለሁ። አንዳንዴ ቁጭ እንዳለች እንቅልፍ ይወስዳታል፤ እኔ መርፌዬን ቀስ አድርጌ አስገባለሁ። በየሳምንቱ ቀኑን በልቤ እቆጥራለሁ፤ ሃያ ሆነ፣ ሠላሳ ሆነ። ሕፃኗን በሕልሜ አያት ነበር። አንዴ መሳቢያዬ ውስጥ፣ በክሮቹ መሃል ተኝታ አየኋት፤ ስነሳ በባዶ እግሬ ሄጄ መሳቢያውን ከፍቻለሁ፣ እናንተ ሳቁብኝ።

አርባ አለፈ። ምንም አላለችም። አሃ፣ ወስናለች አልኩ። መጠየቅ ቁስል መነካካት ነው፣ ዝም ማለት ጨዋነት ነው አልኩ። ሁለት ወርም ሞላ። ያን ዓርብ ሐብሐብ ቆርጬ አቀረብኩላት፤ በላች፣ አመሰገነች፣ ሄደች። በዝምታዬ ኮርቼ እንደነበር ልናገር፤ እንዲህ ያለች ሞኝ ነኝ።

ከዚያ ቀጣዩ ዓርብ መጣ። ነፋሱ ቆሟል፣ አሠሪዎቿ ተመልሰዋል፣ ሰማዩ ወደ ሰማያዊነቱ መመለስ ጀምሯል። ልጅቷ መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ በእጇ ነጭ ጨርቅ ይዛለች። ጭኔ ላይ ዘረጋችው። ስስ፣ ለስላሳ ጥጥ ነው። በመጣች ቁጥር የማላየውን ጥርሷን ያን ቀን አየሁት።

«እትዬ፣ ትንሽ ቀሚስ ይስፉልኝ። ሰማንያዋ የዛሬ ሳምንት ይሞላል። እህቴ እሺ አለችኝ! ድሬዳዋ ያለችው። ስንት ጊዜ በስልክ ለምኛት፣ እሷም ባሏን ለምናው፣ ትናንት እሺ አሉ። ክርስትናዋን አንስቼ በባቡር ይዣት እሄዳለሁ።»

ሜትሩ ከእጄ ወደቀ።

«ሰማንያ?» አልኩ።

«ሴት አይደለች?» አለችኝ እየሳቀች። «እስከ ክርስትናዋ ብለውኝ የለ? እኔም እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን አልገባሁ፤ በየቀኑ ነው የምቆጥረው። ነገሩ ሳይቆርጥልኝ ባወራው ይበላሽብኛል ብዬ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩዎት።»

ምን ልበላት? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይሉ ነበር እናቴ። ነገርኳት። ቃል በቃል ነገርኳት፤ እሷ ያላት ሁለት ወር እንደነበረ፣ እንዳለፈ፣ በልቤ አርባ ብዬ «እስከ ክርስትናው» ያልኳት እኔ እንደሆንኩ፣ ጥፋቱ የኔ ብቻ እንደሆነ። ትጮሃለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ እንዴት በወደድኩ! ጨርቁን ከጭኔ አንስታ አጠፈችው፣ እንደገና አጠፈችው፣ እጇ የምታክል እስክትሆን አጠፈችው። «እና የት ናት?» ብቻ አለች።

መሥሪያ ቤቱ ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ነው። እነዚያን ሁለት ቀናት እንዴት እንዳለፍኩ እኔና ፈጣሪዬ እናውቃለን። እሑድ በሩ ሳይከፈት ደጁ ላይ ነበርን። ሠራተኛዋ መዝገቡን ገልጣ አየች፤ ልጅቷን ሳይሆን እኔን አየችኝ።

«ከአሥር ቀን በላይ ሆነ» አለች። «ቤተሰብ ወስዷታል።»

ለልጅቷ ይህን መተርጎም ነበረብኝ። ተረጎምኩ። ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ያኔ በሕይወቴ ጮኼ የማላውቀውን ጮኽኩ። ፈረንሳይኛው ከሱማልኛው ተቀላቀለብኝ። ይህች ልጅ የፈረመችው ያልተነገራትን ነው አልኩ፤ ሁለት ወር የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም፣ ዳኛ ካለ ዳኛ ፊት እናገራለሁ፣ ማሰርም ከሆነ እኔን እሰሩኝ አልኩ። ሠራተኛዋ ውኃ ሰጠችኝና ወረቀቱን አሳየችኝ። ማኅተም የለውም። ዳኛው ለእረፍት ወጥተው የተመለሱት ያን ሳምንት ነበር፤ የልጅቷም መዝገብ ገና ጠረጴዛቸው ላይ አልደረሰም። ቤተሰቡ ሕፃኗን የወሰደው ወረቀቱ እስኪያልቅ በሚል ነው።

ማክሰኞ ዳኛው ፊት ቆምን። ሽበታም፣ ድካም የተጫናቸው ሰው ናቸው። «ማዳም፣ ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ፤ ለምን?» አሉኝ።

«እሱን ቄስ ይጠይቁ» አልኳቸው። በዚያ ሰዓት እንኳ ምላሴ አላረፈችም።

ልጅቷን ረጅም ጊዜ ጠየቋት፤ ሌላ አስተርጓሚ አስመጥተው፣ እኔን አላመኑኝም፣ እሰየው። ስለ እህቷ ጠየቋት፣ እህቷን በስልክ አነጋገሩ። በመጨረሻ «ያልሰማችውን አልፈረመችም» አሉ። ሕፃኗ ሐሙስ ትመለስ ተባለ። ወደኔ ዞረው ደግሞ «ሐሙስ የጀመሩትን ይጨርሱ። ከሐሙስ በኋላ እዚህ አያስተረጉሙም» አሉኝ። ተገቢ ነው አልኩ። ተገቢም ነው።

ደስታዬን ተሸክሜ ሐሙስ ስደርስ፣ ያላሰብኳት አንዲት ሰው ቁጭ ብላ አገኘሁ። ወሩን ሙሉ ስለ ሁለት ሰው ሳስብ ሦስተኛ ሰው እንዳለች ረስቻታለሁ። ከባልባላ ሰፈር የመጣች ሱማሌ ሴት ናት፣ ወደ አርባ የሚጠጋት፣ ቢጫ ሻሽ ያደረገች። ባሏ ውጪ ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ ልግባ አላለም። ሕፃኗ ክንዷ ላይ ናት። ወፍራለች። ጉንጯ ሞልቷል፣ ጸጉሯ በቅባት ተለስልሷል፣ ጥፍሯ ተቆርጧል።

ሴትዮዋ ተነስታ ሕፃኗን ራሷ ለልጅቷ ሰጠቻት። ማንም አልነጠቃትም። ከዚያ ባዶ ክንዷን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ሻሿን አስተካከለች፣ ደግማ አስተካከለች። ወደኔ ዞረችና «ንገሪያት» አለችኝ።

ያን ጊዜ እንኳ ለማሳጠር ምላሴ በላኝ። ተቆጣጠርኳት። ያለችውን ሁሉ፣ አንድ ሳልጨምር አንድ ሳልቀንስ ተረጎምኩ።

«ጡጦዋን ስትጨርስ በግራ ትከሻሽ ያዣት፤ በቀኝ ከያዝሻት ትነጫነጫለች። ማራገቢያ ፊቷ ላይ አትወድም። ስትታጠብ መጀመሪያ እግሯን ነው፤ ራሷን ካስቀደምሽ ትደነግጣለች።» ሻሿን እንደገና አስተካከለች። «ስም አውጥተንላት ነበር። ስሙን አልነግርሽም። ልጅሽ ናት፣ አንቺ ሰይሚያት። እሱ እኛ ጋ ይቅር።»

ይህንንም ተረጎምኩ። ልጅቷ ሕፃኗን አቅፋ ሴትዮዋን አየቻት። እንባዋ ሕፃኗ ጸጉር ላይ ይወርዳል።

«ነገ ቄሱ የክርስትና ስም ያወጡላታል» አለች። «የክርስትናው ለቤተ ክርስቲያን ነው። የምትጠራበትን እስካሁን አላወጣሁላትም፤ ፈርቼ። እሷ ያወጣችላት ይሁን። ትጥራልኝና ልስማው።»

ተረጎምኩ። ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ እጇን አወረደችና ስሙን አንዴ፣ ቀስ ብላ ጠራች። ሕፃኗ ከእናቷ ክንድ ላይ አንገቷን አዙራ፣ በድምፅዋ በኩል ሴትዮዋን ፈለገቻት።